ዶክተር ምንይችል የሚያድሉት ጠብታ

ዶክተር ምንይችል ሲቀበሩ የሄድኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ እድራችን ቀብር የቀረን ሰው ዝም ስለማይል ነው። ሁለተኛው፣ መሞታቸውን በዓይኔ ማረጋገጥ ፈልጌ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰውዬው በሕይወት ሳሉ ከማንም ጋር ተስማምተው ስለማያውቁ፣ ከሞት ጋርም እንዲህ በቀላሉ ይስማማሉ ብዬ አልገመትኩም።

የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የእህታቸው ልጅ ነው። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ባሕር ማዶ ሄደው ዶክተር ሆነው ተመለሱ አለ። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠና፣ «ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ተማሪዎቻቸውን እንደ ልጆቻቸው የሚያዩ ነበሩ» ብሎ አነበበ። አጠገቤ የቆመውን የድሮ ዘበኛችንን ሳል ያዘው። እኔ የጋቢዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ዶክተር ምንይችል ትሑት ከነበሩ፣ ጉና ተራራ የመኪና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው።

ከእሳቸው ጋር ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ደብረ ታቦር ዳር አንዲት ትንሽ የምርምር ጣቢያ ነበረች፤ ዛሬ በሯ ተዘግቷል፣ ግቢዋ ውስጥ ፍየል ይግጣል። እኔ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነበርኩ። ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ሚዛን አስተካክላለሁ፣ ወሬ አመላልሳለሁ። የመጨረሻውን የምሠራው ያለ ደመወዝ ነበር።

ዶክተር ኮሪደሩን ሲያልፉ፣ የረገጡት ወለል ይቅርታ እንዲጠይቃቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እኛ አገር ሰላምታ ብቻውን ግማሽ ጠዋት ይፈጃል፤ ሰዉ፣ ከብቱ፣ ማሳው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠየቃል። እሳቸውን «እንዴት አደሩ?» ያልኳቸው ቀን ቆም ብለው፣ «መረጃው ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማደራቸውን ከጫማቸው ድምፅ ብቻ ነበር የማረጋግጠው። እኔን «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ያኔ ፀጉሬ ግማሹ ሸብቶ ግማሹ ደግሞ ሽበቱን ሳይጠብቅ ሄዷል።

የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። እሱን ግን፣ አልዋሽም፣ ያውቁታል። ጠላም ዳቦም የሚያስነሳው እርሾ፣ በእያንዳንዷ ሕዋሱ ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት ተሸካሚ ክር አለው። ክር ደግሞ ይጠማዘዛል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ያንን የተጣበቀ ክር የሚፈታው ሄሊኬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ዶክተር ዕድሜያቸውን የፈጁት ይህን ኢንዛይም ማን እንደሚያዘው ሲመረምሩ ነው። ሊያስረዱ ሲነሡ ሁለት መዳፋቸውን ፊት ለፊት ይዘረጋሉ።

«ይኸ ሄሊኬዝ ነው» ይላሉ። «ሁለት መዳፍ። ባዶውን ሲሆን ክፍት ነው፤ የረባ ነገር አይጨብጥም። የሕዋስ ነዳጅ የሆነው ኤቲፒ መጥቶ መሃሉ ሲገባ» ይሉና መዳፋቸውን ያጋጫሉ፤ «ይገጥማል። ክሩን ይይዛል፣ ያጎብጠዋል፣ የተጣበቀችበት ክር ትላቀቃለች። ከዚያ ኤቲፒው ይሰበርና አንድ ፎስፌት ጥሎ ኤዲፒ ይሆናል። መዳፉ ይከፈታል፣ ክሩን ይለቃል። ያ ኤዲፒ ወጥቶ አዲስ ኤቲፒ ካልገባ ግን ኢንዛይሙ ሬሳ ነው። መጨበጥ ብቻ ሥራ አይደለም፤ መልቀቅም ሥራ ነው።»

ይህን ንግግር በክፍል፣ በሠርግ፣ በለቅሶ ቤት፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሰው ሳይቀር አድርገውታል። የሰፈራቸው ውሻ መዳፍ ሲጋጭ በሰማ ቁጥር «ኤቲፒ ገባ» ብሎ ጆሮውን የሚያቆም ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ማኅበር ቤት ተቀምጠን፣ ከጣራ ገዳም የመጡ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። የቤቱ እመቤት እንደ ወጉ ጠላውን ቀዳችና፣ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ አንጠብጥባ ቀመሰች። ዶክተር ፊታቸውን አጨማደው፣ «የባክቴሪያ ማከፋፈያ» አሉ። ከዚያ ያው መዳፍ ተዘረጋ፣ ያው ንግግር ተነገረ። መሪጌታው በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁ፦

«ዶክተር፣ ያ የተሰበረው አልወጣም ብሎ መሃል ላይ ቢቀመጥስ? ማን ያስወጣዋል?»

በኋላ እንደገባኝ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። የዚህ ሙያ ሰዎች የሚጨነቁበት ጉዳይ ነው፤ ኤዲፒውን ገፍቶ የሚያስወጣ ሌላ ረዳት ፕሮቲን የሚያስፈልጋቸው ሄሊኬዞች አሉ። ዶክተር ግን፣ «ይህን ለመጠየቅ መጀመሪያ አራት ዓመት ኬሚስትሪ መማር ያስፈልጋል» አሉ።

መሪጌታው ዋንጫቸውን አነሡ። «እኔ አርባ ዓመት ዜማ ተምሬ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ። እንግዲህ የእርስዎ ትምህርት ይከብዳል ማለት ነው።»

ዶክተር ይህን እንደ ምስጋና ቆጠሩት። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ስድብ እንኳ ደጃቸው ደርሶ ተጨብጭቦለት ይመለሳል።

የሻረግ የመጣችው በአምስተኛው ዓመት ነው። የአንበሳሜ ልጅ ናት፣ እናቷ ጠላ ይሸጣሉ። ለሁለተኛ ዲግሪዋ መመረቂያ የእርሾውን ሄሊኬዝ እንድታጠና ለዶክተር ተመደበች። ሥራዋ ለመናገር ቀላል ነው። የተጣበቀ ክር ታዘጋጃለች፣ ኢንዛይሙን ትጨምራለች፣ ኤቲፒ ትጨምራለች፣ ከዚያ ድብልቁን ጄል በሚባል እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት የረጋ ነገር ውስጥ ታስኬደዋለች። እንደተጣበቀ የቀረው ክር ከላይ፣ የተላቀቀው ከታች መስመር ሠርቶ ይታያል። የየሻረግ ጄል ላይ ከታች ምንም የለም። በመጀመሪያው ወር የለም፣ በአራተኛው ወር የለም፣ በስምንተኛውም የለም።

«እጅሽ ነው» ይሏታል ዶክተር። «ድፍድፍ ሲያማስል ያደገ እጅ ኢንዛይም ይገድላል።»

«ጨው ቀይሬያለሁ ዶክተር። ክሩንም ኢንዛይሙንም እንደ አዲስ ሠርቻለሁ።»

«እጅሽንስ ቀይረሻል?»

ያልቀየረችው አንድ ነገር ነበር። ኤቲፒውን ማንም አይነካም። ከባሕር ማዶ የመጣ ዱቄት ነው፤ ራሳቸው ዶክተር በውሃ በጥብጠው፣ በቢሯቸው ባለች ትንሽ ፍሪዘር ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሥረውታል። ጠዋት ጠዋት የሻረግ በረዶ የያዘች ሳሕን ይዛ በራቸው ላይ ትቆማለች፤ እሳቸው ጠብታ ያድሏታል። ጠበል የሚረጭ ቄስ እንኳ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላል። እሳቸው የሚሉት «አታባክኚ» ነው።

አንድ ቀን ደፍራ፣ «ዶክተር፣ ኤቲፒውን ራሱን ብንፈትሸውስ?» አለች።

«እኔን ልትፈትሺ?» አሏት። በዚያው ሳምንት ለጣቢያው ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፉ። «ለምርምር ሥራ የተፈጥሮ ብቃት ስለሌላት ከትምህርቷ ትሰናበት» ይላል። ደብዳቤውን ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ማተሚያው ቀለም ጨርሶ «የተፈጥሮ» የምትለው ቃል ስለደበዘዘች ደግሜ እንዳትማት አዘዙኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከወር በኋላ ነበር። ኮሚቴው ከተቀበለው የየሻረግ የሁለት ዓመት ትምህርት ውሃ በላው።

ደብዳቤው በገባ በማግሥቱ፣ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ ላስፈርም ቢሯቸው ገባሁ። ዶክተር ወንበራቸው ላይ ተንጋለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ። እኔ የማውቀው ሐሳብ አይንኮራፋም፤ የእሳቸው ግን ያንኮራፋል። የፍሪዘሯ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ከሥሯ የፈሰሰው ውሃ ምንጣፉን አርሷል።

«ዶክተር፣ ፍሪዘሩ ተነቅሏል።»

«ነቅዬው ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ጩኸቱ ሐሳቤን ያቋርጠዋል። ስወጣ እሰካዋለሁ።»

«ሁልጊዜ ነው የሚነቅሉት?»

«ሁልጊዜ ነው የማስበው።»

«ኤቲፒው አይቀልጥም?»

«አንተ ልጅ፣ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፊዚክስ ላስተምርህ?»

ፊዚክስ አላስፈለገኝም። ብልቃጥ አጣቢ ብሆንም፣ በየቀኑ እየቀለጠ እየረጋ የሚኖር ኤቲፒ ተሰባብሮ ኤዲፒ እንደሚሆን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ስምንት ወር ሙሉ ስትቀበል የኖረችው የተሰበረውን ነው። ኢንዛይሙ ባይጨብጥ ምን ይፈረድበታል?

ከቢሮ ስወጣ ደረቴ ውስጥ ሳቅ እንደ ተጠመቀ ጠላ ይፈላ ነበር። ለዘበኛው ነገርኩት። ለሒሳብ ሹሟ ነገርኳት። ማታ ለሰፈር ሰው ነገርኩ። ወሬ እንዲሁ ደረቁን አይቀርብም፣ ትንሽ ቅመም ይፈልጋል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ዶክተር ፍሪዘሩ ውስጥ ሽሮ ያስቀምጡ ጀመር፣ በሦስተኛው ቀን ካልሲያቸውን አሰጡበት። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «እስቲ የፍሪዘሩን ድገመው» ይለኛል። እደግመዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ንቀት በኋላ አገር ምድሩ በሰውዬው ሲስቅ እየሰማሁ እንደመተኛት ያለ ጣፋጭ ነገር አልነበረም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት የሻረግ ከአንበሳሜ ተመልሳ የበረዶ ሳሕኗን ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ገባች። ልትባረር እንደምትችል ለእናቷ ልትነግር ሄዳ ነበር።

«ጋሼ ሙሉቀን» አለችኝ። «እናቴ ቤት አንድ ሾፌር ጠላ እየጠጣ ስለ ዶክተር ፍሪዘር ያወራል። ነቅለው ይተኛሉ፣ ውስጡ ሽሮ ያስቀምጣሉ አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።»

«ሽሮውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«መነቀሉስ?»

«መነቀሉ እውነት ነው።»

«መቼ ነው ያዩት?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናል።»

ሳሕኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለሾፌር ነግረው ለእኔ ሳይነግሩኝ?»

«አትስቂም ብዬ ነው» አልኳት። ይህ በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቀልዶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ችግሩ ደግሞ ቀልድ አልነበረም።

አልጮኸችብኝም። «እንግዲያው ኤቲፒው ይቀመስ» አለች።

ባሕር ዳር የምግብ ጥራት መመርመሪያ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። እነሱ ዕቃ በደንብ መታጠቡን የሚያጣሩበት ፈሳሽ አላቸው፤ በጨለማ ከምታበራ ጥንዚዛ የተገኘ ኢንዛይም ነው። ኤቲፒ ሲነካው ያበራል፣ ኤዲፒ ቢነካው አያበራም። ጓደኛዬን ለምኜ፣ ፈሳሹንና ደህና መሆኑ የታወቀ አንድ ብልቃጥ ኤቲፒ በበረዶ አድርጌ አመጣሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም። ቤት ካቃጠሉ በኋላ ውሃ መቅዳት ነው።

ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ተሰበሰበ፤ የጣቢያው ኃላፊና ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። ዶክተር ደብዳቤያቸውን ራሳቸው አነበቡት። «የተፈጥሮ ብቃት» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። የሻረግ ተራዋ ሲደርስ ቆመች።

«በእናቴ ቤት የቀዳ ሰው ቀምሶ ነው የሚሰጠው። ዶክተር ስምንት ወር ቀድተው ሰጥተውኛል። አንድ ጊዜ ፊቴ ይቅመሱልኝ። ከራሳቸው ብልቃጥ፣ በራሳቸው እጅ።» ከዚያ ፈሳሹ ምን እንደሆነ አስረዳች።

ዶክተር በጣም ደስ አላቸው። ሊያሳፍሯት ነው። ቁልፋቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ሄደው ብልቃጣቸውን አመጡ። ክፍሉ መጋረጃ የለውም፤ ስለዚህ የዘበኛውን ጋቢ ተዋስንና ብርሃን እንዳይገባ ከላይ ጣልነው። እዚህ ላይ አላጋንንም፤ ሦስት የተማሩ ራሶች፣ የዶክተር አራተኛው፣ የየሻረግ አምስተኛው፣ በአንድ ጋቢ ሥር። እኔ ራሴን ከጫፉ አሾልኬ አስገባሁ። ዶክተር ፈሳሹ ባለበት ቲዩብ ውስጥ ጠብታቸውን ጣሉ።

ጨለማ። ዓይናችን እስኪለምድ ጠበቅን። ያው ጨለማ። ኃላፊው ከይሉኝታ የተነሣ «ጭላንጭል ያየሁ መሰለኝ» አለ። ሌላ ማንም አላየም።

«ጥንዚዛዋ ሞታለች» አሉ ዶክተር ከጋቢው ውስጥ።

የሻረግ ከባሕር ዳሩ ብልቃጥ እዚያው ቲዩብ ውስጥ አንድ ጠብታ ጨመረች። አረንጓዴ ብርሃን ቦግ አለ። የአምስቱም ሰው አፍንጫ ታየ። የዶክተር አፍ ተከፍቷል።

ጋቢው ተነሣ። ሁላችንም ይቅርታ መጠበቅ ጀመርን። ዶክተር ግን መሬት መሬቱን አይተው ሲያበቁ ቀና አሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

«ጄሎችሽን አምጪ።»

«የትኛውን ዶክተር?»

«ሁሉንም።»

የስምንት ወር ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ፣ አልበቃም፣ ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ዶክተር ምንይችል ከነሱፋቸው ተንበርክከው ከአንዱ ወደ ሌላው ይድሁ ጀመር። «ይህች ልጅ» አሉ ለኮሚቴው፣ «ኤዲፒ ቦታውን ሲይዝ ይህ ሄሊኬዝ ክሩን እንደማይፈታ ስምንት ወር ደጋግማ አሳይታለች። አንድም ቀን አልተዛነፈችም። ይህ እጅ» አሉና የልጅቷን እጅ እንደ መሣሪያ አንሥተው አሳዩ፤ «እኔ ያሠለጠንኩት እጅ ነው።»

ለማነጻጸሪያ በደህናው ኤቲፒ ጥቂት ሙከራ እንድትሠራ ተወሰነ። ደብዳቤያቸውን እዚያው ቀደዱት። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ከረሱ ቆይተዋል፤ «እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በደህናው ኤቲፒ የተሠራው ጄል በሳምንቱ ወጣ፤ ከታች ያለው መስመር ጥርት ብሎ ታየ። ይቅርታ ግን ያን ቀንም፣ በማግሥቱም፣ እስከዚህ ቀብር ድረስም አልመጣም። ፍሪዘሯን በሚመለከት ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ሐሳባቸውን ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወሩት።

የሻረግ ጽፋ ጨረሰች፣ አለፈች። የመመረቂያ ጽሑፏ ተጠርዞ ሲመጣ ዶክተር አንዱን ቅጂ ይዘው ወደ ላቦራቶሪው ገቡ። ያለ ትእዛዝ ወደ እኔ ዘንድ መጥተው አያውቁም፤ ደንግጬ ብልቃጥ ማጠብ ጀመርኩ። የምስጋናውን ገጽ ገልጠው ቆመው አነበቡልኝ።

«"ለአማካሪዬ ለዶክተር ምንይችል፣ ስምንት ወር ሙሉ ሳይቋረጥ ኤዲፒ ስላቀረቡልኝ።"»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሳቁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል ሳቅ ነው። ከዚያ ጣታቸውን ወደሚቀጥለው መስመር አወረዱ።

«"ለጋሼ ሙሉቀን፣ የችግሬን ምክንያት ከአንበሳሜ ጠላ ጠጪዎች ሁሉ በኋላ ስለነገሩኝ።"»

መጽሐፉን ዘጉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«እኔ ሳላውቅ ነው ያደረግሁት» አሉ። «አንተስ?»

አንድ ቀልድ ፈለግሁ። ሌላ ጊዜ ሳልጠራቸው ይጎርፉልኝ ነበር። ዶክተር መጽሐፉን ከብልቃጦቹ አጠገብ አስቀምጠውልኝ ወጡ።